በአስታው ጫካ፣ በጽጌ ወራት

ስሙኝማ! ሰሜን ተራራን አያለሁ የሚል ሰው ሁሉ በጋውን ይጠብቃል፤ ሰማዩ የሚጠራበትን፣ መንገዱ የሚደርቅበትን፣ ጥርንና የካቲትን። እኔ ዛሬ የምተርክላችሁ ስለ ሌላው ሰሜን ነው። ክረምቱ ቆላውን ለቆ ደጋው ላይ ገና ሲያንገራግር፣ መስከረም ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በጎንደር ከተማ መሪጌቶቹ ለማኅሌተ ጽጌ ከበሮና ጽናጽል ሲያሰናዱ፣ በዚያ ሰሞን ስላለው ተራራ ነው። ዘመነ ጽጌ መስከረም 26 ይገባል፣ ኅዳር 5 ይወጣል። በነዚያ 40 ቀናት በበአታም፣ በደብረ ብርሃን ሥላሴም፣ በየአጥቢያው ስለ አበባ ሌሊቱን ሲዘመር ያድራል። ያ የሚዘመርለት አበባ ደግሞ ከከተማው በስተሰሜን፣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ፣ በዚያው ሳምንት መሬቱን አልብሶት ይገኛል። ጎንደር ተወልዶ፣ ጎንደር አድጎ፣ በዚህ ወቅት በእግሩ ወደዚያ ያልሄደ ሰው ካለ ጠጋ ይበል።

ከጎንደር ስትወጡ መጀመሪያ ወለቃ ነው፤ ቤተ እስራኤሎች ሸክላቸውን እየሠሩ የኖሩበት መንደር። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሽቅብ ይላል። ኮሶዬ ስትደርሱ ቆላው ከእግራችሁ ሥር ተዘርግቶ ይታያል፤ ጉም ከሌለ ማለቴ ነው፤ በመስከረም ጉም አለ። አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት፣ ከዚያ ደባርቅ። 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ ግራ ቀኙ የባቄላ አበባ፣ ያሸተ ገብስና እዚህም እዚያም ቢጫ የሆነ አደይ ነው። ደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አለ፤ መግቢያው እዚያ ይከፈላል፣ ስካውትም፣ የታጠቀው የፓርኩ አጃቢ፣ የሚመደበው እዚያ ነው። ያለ ስካውት ወደ ውስጥ አይገባም።

ለእኔ የደረሱኝ ስካውት ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው፣ ክላሻቸውን በትከሻ፣ ጋቢያቸውን በክላሹ ላይ ያደረጉ ሰው ነበሩ። «ጋሼ» አልኳቸው፤ «ልጄ» አሉኝ፤ በዚያው ተስማማን። ገና ከመነሳታችን ሰማዩን አዩና «ከቀትር በኋላ ይዘንባል፤ ጠዋቱን እንጠቀምበት» አሉ። ቡይት ራስ ላይ መኪናውን ትተን፣ የገደሉን አፋፍ ይዘን ወደ ሳንቃ በር በእግር ገባን።

እንግዲህ ስለ አስታው ልንገራችሁ። አስታን ብዙዎቻችን የምናውቀው በየኮረብታው እንዳለ ቁጥቋጦ ነው፤ የሚቆረጥ፣ የሚነድ፣ አጥር የሚሆን። በቡይት ራስና በሳንቃ በር መካከል ግን አስታ ዛፍ ነው። ሰው ሳይነካው ሲቀር ምን ሊሆን እንደሚችል እዚያ ታያላችሁ። ግንዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ ቅርፊቱ ይላላጣል፣ ቅርንጫፎቹ ከላይ ተያይዘው መንገዱን ይሸፍኑታል። ከያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ ግራጫና አረንጓዴ የሆነ ነገር እንደ ሽማግሌ ጢም ተንጠልጥሏል። ሥር የለውም፤ ዛፉንም አይመጠውም። የሚኖረው በጉም ነው። ጠዋት ቆላው ሲሞቅ አየሩ እርጥበቱን ይዞ ግድግዳውን ሽቅብ ይወጣል፤ አፋፉ ላይ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል፤ ጉሙም በአስታው ቀጫጭን ቅጠልና በዚያ ጢም ላይ ይያዛል፣ ይጠራቀማል፣ ይንጠባጠባል። ዝናብ ሳይኖር ከዛፉ ሥር መሬቱ ርጥብ ነው። እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ አንዱን ቅርንጫፍ ብነቀንቀው ውኃው በአንገቴ ገባ። ጋሼ «ምንጩ የሚነሳው ከዚህ ነው» አሉኝ። «አስታው ከተቆረጠ ታች ያለው ሰው ውኃ ያጣል። ይህን ለልጆቻችን ሳንነግራቸው ስንት ዘመን አለፈ!»

ከዛፎቹ መካከል አሜጃው ቢጫ አበባውን አውጥቶ ቆሟል። ቀጋም አለ፤ አበባው ያለፈ፣ ፍሬው ያልቀላ። ጫካው ከፈት ባለበት ሁሉ መሬቱ ማገጥ ነው፣ ሐምራዊ ማገጥ፤ በመካከሉ አሽንዳው ቀይና ብርቱካናማ ራሱን ቀጥ አድርጎ ወጥቷል። በእግራችን ሥር ጦስኝ አለ። ጦስኝን ከጎንደር ገበያ ደርቆ፣ በጆንያ ታስሮ ለምታውቁት ሰዎች ይህን እላለሁ፤ ርጥቡን፣ በቦታው፣ ፀሐይ ገና ሲነካው አሽቱት። ይህን ተክል የዓለም ሳይንስ የሚጠራው በጀርመናዊው ዕፅዋት አጥኚ በሺምፐር ስም ነው። ሺምፐር በደጃዝማች ውቤ ዘመን ለመሰብሰብ መጥቶ፣ እዚሁ አገር አግብቶ፣ ወልዶ፣ ሳይመለስ የሞተ ሰው ነው። ደጃዝማች ውቤስ? ሰሜን የርሳቸው አገር ነበር። ከዚህ ተራራ ወዲያ ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት እርሳቸው ናቸው፤ በ1847 ዓ.ም. የካቲት ደጃች ካሳ ድል አድርገዋቸው፣ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ይህን ሁሉ ታሪክ የተሸከመ አገር ነው የምንረግጠው፤ ጦስኙ ግን ከሁሉም በፊት ነበረ።

አንዲት ወፍ አሽንዳው ላይ ስታርፍ ጋሼ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። በተከዜ ስም የምትጠራው፣ የአበባ ማር የምትመጥ ወፍ ናት። ወንዱ በጥላ ሲሆን ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲነካው ወይን ጠጅ ሆኖ ይነድዳል። ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ሄዶ እስኪጠፋ ሁለታችንም አልተነፈስንም። ከዚያ ጋሼ እየሄድን ስለ ቅዱስ ያሬድ አነሡልኝ። አክሱም ላይ ሦስት ወፎች ዜማን ከሰማይ እንዳወረዱለት፣ በኋላም ንጉሡን ተሰናብቶ ወደ ሰሜን ተራሮች እንደመጣ፣ እዚሁ እያስተማረ ቆይቶ እንደተሰወረ። ከፓርኩ ተራሮች አንዱ ዛሬም በስሙ ቅዱስ ያሬድ ይባላል። እኔ ይህን ትውፊት ከልጅነቴ እሰማዋለሁ፤ በዚያ ጫካ ውስጥ፣ በዚያ ወር ግን ሌላ ሆኖ ተሰማኝ። ማኅሌተ ጽጌ በጎንደር ሊቆም ቀናት ብቻ ቀርተውታል፤ የዜማው ጌታ የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈበት ተራራ ደግሞ በአበባ ተሞልቷል። ይህን ግጥምጥሞሽ አልለውም። የቀደሙት ሰዎች ያዩትን ነው የዘመሩት።

ሳንቃ በር ከመድረሳችን በፊት ጫካው አለቀና ሜዳ ላይ ወጣን፤ ጭላዳዎቹ እዚያ ነበሩ። ስንት ናቸው ብትሉኝ መንጋውን ለመቁጠር ሞክሬ ከመቶ በላይ ሲሆን ተውኩት። እናንተ ሆይ፣ ስለ ጭላዳ የምንናገረው በጣም ትንሽ ነው። ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም ላይ በየትኛውም አገር በዱር አይገኝም። ከዝንጀሮ ወገን ሁሉ እንደርሱ በሣር የሚኖር የለም፤ ምግቡ ከሞላ ጎደል ሣር ነው። ቁጭ ብሎ፣ በሁለት እጁ እየተቀባበለ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቅጠሉን እየመረጠ ይነጫል፤ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይልካል፤ ሳይነሳ በመቀመጫው ወደፊት ሸርተት ይላል። መንጋው ሁሉ እንዲህ ሲነጭ ሜዳው በሙሉ አንድ ድምፅ አለው፤ ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ የሚል። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ሥር እየቆፈሩ ይኖራሉ፤ መስከረም ግን የጥጋባቸው ወር ነው።

ወንዱ ጎፈሩ ከትከሻው እስከ ወገቡ ይወርዳል። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ሥፍራ እንደ ጉልበቱና እንደ ሥልጣኑ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። በየቤተሰቡ አንድ አባወራ ከበርካታ ሴቶች ጋር ይኖራል፤ ቤቱን የሚያጸኑት ግን ሴቶቹ ናቸው፤ እናት፣ ልጅ፣ እኅት ሆነው ዕድሜያቸውን በሙሉ አይለያዩም። አባወራው ሲሸነፍ ይለወጣል፣ እነርሱ ይቀጥላሉ። ይህን የምነግራችሁ ከራሴ አይደለም። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአገሬው ልጆች ጋር ሆነው ሳንቃ በር ላይ እያንዳንዱን ጭላዳ በመልኩ እየለዩ ሲከታተሉ ኖረዋል፤ ከነዚያ ጥናቶች የተገኘ ነው። ጋሼም በየቀኑ ሲያዩ ስለኖሩ አንዱን አባወራ አሳዩኝ። «ይህ ባለፈው ዓመት ከዚያ ወዲያ ነበር። ተዋግቶ ነው ይህን ቤት የያዘው» አሉኝ። አባወራው የላይኛውን ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ጥርሱንና ድዱን አሳየን። «ራቅ በሉ ማለቱ ነው» አሉ፤ ራቅ አልን።

ከታች፣ ከፓርኩ ወሰን ወዲያ፣ የወንጭፍ ጩኸት ይሰማ ነበር። ገብሱ አሽቷል፤ ልጆች ማማ ላይ ሆነው ጭላዳ ይጠብቃሉ። ለጎብኚ ጭላዳው ብርቅ ነው፤ ለገበሬው ግን በአንድ ጠዋት የዓመት ቀለቡን ሊያራቁት የሚችል መንጋ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ብቻ ይዞ ስለ ሰሜን የሚናገር ሰው ሰሜንን አያውቅም።

ከሳንቃ በር ወደ ግጭ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትሰሙት ጅንባርን ነው። በበጋ ቀጭን ክር የሚሆነው ወንዝ በመስከረም ሙሉ ነው፤ 500 ሜትር ያህል ወደ ገደሉ ሲወረወር ታች ሳይደርስ ግማሹ ጢስ ይሆናል። የቆምንበት ድንጋይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ገደሉ እንዴት ተፈጠረ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ተራራው በሙሉ እሳተ ገሞራ የከመረው ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ግድም ጀምሮ ድርብርብ ሆኖ የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ፤ ከዚያ ወዲህ ውኃው ሲሸረሽረው ኖረ። በአንዳንዱ ቦታ ግድግዳው ቁልቁል 1,500 ሜትር ይሆናል። ያ ገደል ነው ዋልያን፣ ያንን የተራራ ፍየል፣ እስከ ዛሬ ያኖረው። ጥይትም፣ ውሻም፣ በሬም የማይደርስበት ቦታ ቀርቶለት ነው።

ግጭ ላይ ጅብራው ብቻ ቆሟል። ጅብራ ለብዙ ዓመት ቅጠሉን ብቻ እያበዛ፣ በብርድ ሌሊት ቅጠሉን አጥፎ ልቡን እየሸፈነ ይኖራል፤ አንድ ቀን ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የአበባ ዐምድ ያወጣል፣ ዘሩን ይበትናል፣ ይሞታል። ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ ለዚያች አንዲት ዓመት ዝግጅት ነው። በሜዳው ላይ ሕያውና ሙት ጅብራ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ በመካከላቸውም የድንጋይ አጥር ፍርስራሽ፣ የቤት መሠረት፣ የሰፈር ምልክት።

ግጭ መንደር ነበር። አብዛኞቹ ሙስሊሞች የሆኑ ሰዎች ገብስ የሚዘሩበት፣ በግና ፈረስ የሚያረቡበት፣ የሚሰግዱበት፣ የሚድሩበት፣ የሚቀብሩበት የኖረ መንደር። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራ ተነሥቶ ወደ ደባርቅ ወረደ። ለምን? እስቲ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በ1960 ዓ.ም. ግድም ሲ ደብሊው ኒኮል የሚባል የዌልስ ተወላጅ ለዚህ ፓርክ የመጀመሪያ ዋርደን ሆኖ መጣ። ያኔ ዋልያው 150 ገደማ ብቻ ቀርቷል ይባል ነበር። ኒኮል ከአዳኙና ከእሳቱ ጋር ሲታገል ቆይቶ አዝኖ ሄደ፤ በኋላ ጃፓን ገብቶ ዜግነት ወስዶ፣ የተራቆተ ጫካ ገዝቶ መልሶ በማልማት ዕድሜውን ፈጸመ። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ጸና። 1970 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል ዩኔስኮ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው 12 ሥፍራዎች ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ ላሊበላና ሰሜን ተራራ። በ1989 ዓ.ም. ግን ሰሜን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ ዋልያው ስለቀነሰ፣ እርሻውና ከብቱ አፋፉ ድረስ ስለመጣ፣ መኪና መንገዱም ፓርኩን ሰንጥቆ ስላለፈ። ከዝርዝሩ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ የፓርኩ ወሰን ሰፍቶ ስልኪን፣ ሊማሊሞንና ቅዱስ ያሬድን ያዘ፤ ዋልያው ወደ 900 ተጠጋ፤ እርሻውና ከብቱ ከተራራው እንዲነሣም ግጭ ባዶ ሆነ።

ሣሩ በእውነት አገግሟል። ጓሳው ጉልበት ድረስ ነው፤ በጓሳው ውስጥ አይጡ በዝቷል፣ አይጡ ሲበዛ ቀይ ቀበሮ ይመጣል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 በታች ነው፤ ከሚኖርባቸው ቦታዎች ሁሉ ወደ ሰሜን ጫፍ ያለውም ይህ ነው። ይህ ሁሉ ደስ ይላል። ግን እዚያ ፍርስራሽ ላይ ቆሜ የግጭን ሰዎች ሳላስብ ማለፍ አልቻልኩም። ከብትና ገብስ ለሚያውቅ ሰው የከተማ ቤትና የካሳ ገንዘብ ምን ያህል ይዘልቃል? ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና «እነርሱ የከፈሉት ዋጋ ነው ይህ ሣር» አሉ። «ተራራው ገቢ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚደርሰው ለእነርሱ መሆን ነበረበት።» እኔም እንዲሁ አምናለሁ። ቅርሱ የዓለም ነው ከተባለ የመክፈሉ ግዴታም የዓለም መሆን አለበት እንጂ በግጭ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም።

የሚያሳዝነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ እሳት ተነሣ፤ ጓሳውና አስታው ለቀናት ነደደ። ከደባርቅና ከጎንደር ወጣቱ ውኃና ቅጠል ይዞ ወጣ፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ዛሬ በመንገዱ ላይ አጥንቱ የቀረ አስታ ታያላችሁ፤ ከሥሩ እንደገና ሲያቆጠቁጥም ታያላችሁ። ከዚያ ወረርሽኙ መጥቶ ጎብኚ ቀረ። ከዚያ ጦርነቱ፤ ደባርቅ አፍንጫ ሥር ድረስ። ከርሱም በኋላ ክልሉ አልተረጋጋም። ስካውቱ መዞር ባልቻለበት፣ በቅሎ አከራዩ፣ አስጎብኚውና ምግብ አብሳዩ ሥራ ባጡበት፣ መሣሪያ በየእጁ በበዛበት ጊዜ ገደሉ ራሱ ዋልያን ሊያድነው አልቻለም። ወደ 900 ተጠግቶ የነበረው ቁጥር በቅርቡ ቆጠራ ወደ 300 ገደማ ወርዷል። ኒኮል ሲመጣ ከነበረው ቁጥር እጥፍ ብቻ ነው። የሁለት ትውልድ ድካም በጥቂት ዓመታት እንዲህ ተመለሰ።

ከግጭ ተነሥተን የእሜት ጎጎን ጫፍ በማለዳ ወጣን። 3,926 ሜትር ላይ ዓለም በሦስት አቅጣጫ ይቋረጣል። ጢማሙ አሞራ፣ አጥንት ከሰማይ ጥሎ በድንጋይ ላይ የሚሰብረው፣ ከእግራችን በታች ሲያንዣብብ ጀርባውን አየሁት። ከዚያ አፋፉን ይዘን ወደ ጨነቅ ወረድን፤ ዋልያው በብዛት የሚታየው በጨነቅ ወገን ነው፤ ጋሼም መነጽራቸውን አውጥተው በሆዳቸው ተኙ። መስከረምና ጥቅምት የዋልያ መውለጃ ናቸው፤ የዚህን ዓመት ግልገል ለማየት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

መጀመሪያ አንድ አውራ ታየን፤ ቀንዱ ወደ ኋላ ታጥፎ ትከሻው ሊደርስ የተቃረበ፣ ጢሙ ጥቁር። ከርሱ በታች፣ እኔ ሰው ቀርቶ ወፍ አያርፍበትም ባልኩት ጠርዝ ላይ፣ ሴቶቹ። ጋሼ በሹክሹክታ ቆጠሩ። «አንድ፣ ሁለት… አምስት ሴት። ግልገል… አንድ። ያውልህ ሁለት። ከእናቱ ሆድ ሥር ነው።»

«ሦስት ናቸው ጋሼ። ከድንጋዩ ጀርባ አንድ አለ፤ አሁን ብቅ ብሎ ገባ።»

«ያ ቅድም የቆጠርነው ዞሮ እንዳይሆን።»

ጠበቅን። ጉሙ ከታች መነሣት ጀመረ፤ መጀመሪያ የገደሉን ታች፣ ቀጥሎ ሴቶቹን ሸፈነ። ሦስተኛውን ግልገል ዳግመኛ አላየሁትም። ጋሼ ከደረት ኪሳቸው የተጨማደደች ደብተርና እርሳስ አውጥተው፣ እርሳሱን በምላሳቸው አርጥበው ቀኑንና የቦታውን ስም ጻፉ።

«ሦስት ቢሉ ምን አለበት? እኔ አይቻለሁ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ባለፉት ዓመታት ያላየነውን ስንቆጥር አልኖርንም፤ አሁንም አንጀምርም። አንድ አውራ፣ አምስት ሴት፣ ሁለት ግልገል። ሦስተኛው ካለ ነገ ጓደኛዬ በዚህ ሲያልፍ ያገኘዋል፤ እርሱ ይጽፈዋል።»

ዝናቡ ጀመረ፤ ደብተሯን ጋቢያቸው ሥር አስገቡና ወደ ጨነቅ ሰፈር ቁልቁል ወረድን።